ቀለም የተቀባ ባትሪ

«ከሞተ ሰው የወጣ መሆኑን ዛሬ በድንገት ቢነግሩትስ?» ያለው የልጄ ባል ነአምን ነው። እኔ ግቢ ውስጥ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብዬ ፊቴን እታጠባለሁ፤ እነሱ ኩሽና ውስጥ ሻይ ያፈላሉ። የኩሽናችን መስኮት መስታወቱ ከተሰበረ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ እዚያ የተወራ ነገር ሁሉ ቧንቧው ጋ ይሰማል። ልጄ መቅደላዊት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለሲስተር ሳምራ ደውዬ ነግሬያታለሁ፣ ምንም አትለውም። አባዬን ታውቀው የለ? ደረቱ ውስጥ ያለው ማሽን ያገለገለ መሆኑን ከሰማ በካቻቢቴ ፈትቶ ነው የሚያወጣው» አለችው። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ! ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ሲለበልበኝ እንኳን አልታወቀኝም።

ማሽን የሚሉት በግራ ትከሻዬ በኩል ቆዳዬ ሥር የተቀበረውን የልብ መምቻ ነው። የክብሪት ቀፎ ቢያክል ነው። ዓመት ከሁለት ወር በፊት ሾላ ገበያ ጀርባ ባለው ሱቄ የአንድ አይሱዙ ማስነሻ ሞተሪኖ ስፈታ ተዘርሬ ወደቅሁ። ሆስፒታል ሲያደርሱኝ ልቤ በደቂቃ የምትመታው ሠላሳ ጊዜ ብቻ ነበር። ከላይኛው ክፍል የሚነሳው ኤሌትሪክ ወደ ታችኛው አይወርድም፣ መስመሩ ተቋርጧል አሉኝ። ይሄን እንኳን ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የተቋረጠ መስመር ስፈልግ የኖርኩ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ነኝ። በተኛሁ በአሥራ አንደኛው ቀን ማሽን ተገኘ ተባለ፣ ልጄ ፈረመች፣ ገባልኝ። ስነቃ መጀመሪያ የጠየቅኋት «አዲስ ነው?» ብዬ ነው። «አዲስ ነው አባዬ፣ ከነካርቶኑ» አለችኝ። እኔ ሞኙ ይሄንኑ ይዤ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። የእድራችን ሰዎች ሊጠይቁኝ ሲመጡ ሸሚዜን ገልጬ እብጠቱን በጣታቸው እያስነካሁ፣ «ምኑ ይወራል፣ አዲስ ነው፣ ከነካርቶኑ!» ስል ከረምኩ። ቤቴ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ያገለገለ ዕቃ በሬን አያልፍም። መቅደላዊት ስታገባ አክስቷ ልትሰጣት ያመጣችውን ፍሪጅ እንኳን ከነተሸካሚዎቹ ከበር መልሼዋለሁ። ለምን እንደሆነ ጠይቆኝ መልስ ያገኘ ሰው የለም።

ቁርስ ቅረብ ስትለኝ አልራበኝም ብዬ ኮቴን ደረብኩ። ቀጠሮዬ ስምንት ሰዓት ነበር፤ ማሽኑን በኮምፒውተር የሚያነቡበት ቀን ነው። «እስከ ስድስት ሰዓት ክፍል አለኝ፤ ስምንት ሰዓት ላይ እዚያው ሆስፒታሉ እንገናኝ፣ እሺ?» አለችኝ መቅደላዊት። ኮተቤ ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ፊቷን ሳላይ «እሺ» አልኩ። በሆዴ ግን አልሄድም ብዬ ጨርሻለሁ። ሄጄ ምን ልሰማ? ነርሷም ከልጄ ጋር ተመካክራለች፤ ኮምፒውተሩም አብሮ ያሴረብኝ መሰለኝ። ነአምን በሩ ላይ ቆሞ «አባባ፣ ካርዱን ይዘዋል?» አለኝ። ማሽን እንዳለኝ የሚናገረውን ሰማያዊ ካርድ ማለቱ ነው። መልስ ሳልሰጠው ወጣሁ፤ ካርዱ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር።

አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ ስይዝ ረዳቱ «ፋዘር፣ ሞተሩ ላይ ይቀመጡ» አለኝ። «አንተ ሞተሩ ላይ ተቀመጥ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሞተር የሚሠራበት ጋ አትጠጋ፣ ብየዳ ጋ አትቁም፣ ስልክህን በግራ ኪስህ አትያዝ ተብያለሁ፤ ሱቄንም ያስተወኝ ይሄ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ጥጌን ይዤ እንደ ልማዴ መቁጠር ጀመርኩ። በደቂቃ ሰባ፣ በሰዓት አራት ሺህ ሁለት መቶ፣ በቀን መቶ ሺህ ከስምንት መቶ። ባትሪው የመጨረሻዋ ምት ላይ ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ዓመት ሙሉ በልቤ ሳሰላ ኖሬያለሁ። እያንዳንዷ ምት ከባትሪው ላይ ትቀነሳለች፤ ፈጥኖ የሄደ ሰው ደግሞ ፈጥኖ ይጨርሳል። ስለዚህ ራሴን መቆጠብ ያዝኩ። ደረጃ አልወጣም፤ ሊፍት ካልሠራ እመለሳለሁ። ስግደት ለንስሐ አባቴ አስፈቅጄ ተውኩ። ሲስተር ሳምራ በመጣሁ ቁጥር «ይራመዱ እንጂ አባቴ፣ እግርዎ እኮ አበጠ» ትለኛለች፤ ባትሪ ምን እንደሆነ እሷ ልታስተምረኝ! ዛሬ ግን ያ ሁሉ ሒሳብ ገደል ገባ። ሟቹ ስንት ዓመት ተጠቅሞበታል? ዳገት የሚወድ ሰው ቢሆንስ? ጠዋት ጠዋት ሲሮጥ የኖረ ፈረንጅ ቢሆንስ? የእኔን ድርሻ መናፈሻ ለመናፈሻ ሲበትነው ታየኝና ደሜ ፈላ።

ሾላ ስደርስ ገላው ሱቁ በር ላይ ቁጢጥ ብሎ ባትሪ ቀለም ይቀባል። ገላው ሥራውን ከእኔ የተማረ፣ አሁን የሦስት ልጆች አባት የሆነ፣ ከታመምኩ ወዲህ ሱቁን የያዘልኝ ሰው ነው። እንግዲህ ስለዚህ ሥራ ልናገር፤ ካልተናገርኩት ሌላው አይገባም። የደከመ ባትሪ በርካሽ ይገዛል። በሙቅ ውሃና በሶዳ ይታጠባል፣ አሲዱ ይቀየራል፣ ሌሊቱን ቻርጅ ላይ ያድራል። ጠዋት ጥቁር ቀለም ይቀባና አዲስ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ከዚያ «አዲስ ነው» ይባላል። አንዳንዱ ሁለት ዓመት ይሠራል፣ አንዳንዱ ሁለት ሳምንት። ይሄን ነገር እኔ አልፈጠርኩትም፤ ሳገኘውም ነበረ። ግን የጠርዙን ቀለም ሳይደፋ፣ ሳይንጠባጠብ፣ ከፋብሪካ የወጣ እስኪመስል የሚቀባ ከእኔ ሱቅ በቀር አልነበረም።

«ገላው፣ ያ የያዝከው ስንት ጊዜ ይሠራል?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «እንዴ ጋሼ! እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ? ያገለገለ ባትሪ ዕድሜውን ለማንም አይናገርም ብለው» አለኝ። የተናገርኩትን ቃል ሰው መልሶ ሲነግረኝ እንደዚያ ቀን ቀፎኝ አያውቅም። በዚህ መሃል ቢራቱ የሚባል የባጃጅ ሹፌር መጣ፤ ደንበኛችን ነው። ቀለሙ ከደረቀው ባትሪ አንዱን አንስቶ ገላውን «አዲስ ነው?» አለው። «አዲስ ነዋ» አለ ገላው። ቢራቱ አላመነውም መሰል ወደ እኔ ዞረ። «ጋሽ ምንያህል፣ እርስዎ ካሉኝ እወስዳለሁ። እውነት አዲስ ነው?» አንገቴ በራሱ ጊዜ ተነቀነቀ! እምላለሁ፣ እኔ አላዘዝኩትም፤ የሠላሳ አምስት ዓመት ልማድ ነው። ቢራቱ «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» ብሎ ባትሪውን ታቅፎ ሄደ። ገላው ሻይ ላስመጣልዎ ሲል ጥዬው ወጣሁ፤ የት እንደምሄድ መኪና ተራ እስክደርስ አላወቅኩትም ነበር።

ወልደ ሐዋርያት ጋ ነበር የምሄደው። ወልደ ሐዋርያት የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ባትሪ ሸጬለታለሁ። ስንቱን የሸጥኩትን ትቼ እሱን ያስታወስኩት ለምን ቢሉ፣ ለሌላው ነቀነቅኩ እንጂ አልማልኩም። እሱ ግን ጓደኛዬ ስለነበር «ማልልኝ» አለኝ፤ እኔም «ኪዳነ ምሕረትን፣ አዲስ ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሱቄ አልመጣም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ኮፍያውን ነካ አድርጎ ያልፋል። ባትሪው ምን ሆነ ብዬ ሃያ ዓመት ሙሉ አልጠየቅኩትም፤ ዛሬ ግን ካልጠየቅኩት የሚያስቀምጠኝ አልመሰለኝም። ያገለገለ ነገር ከተሸጠ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚነግረኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ሁለት ታክሲ ቀይሬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወረድኩ። ቤቱ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ባጃጅ ላስቁም ብዬ እጄን አነሳሁና መልሼ አወረድኩት። ለማን ነው የምቆጥበው? የማንን ባትሪ? በንዴት ዳገቱን ተያያዝኩት። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሜዳ ላይ እንኳን እየቆምኩ የሄድኩ ሰውዬ ሽቅብ ተኮስኩት። ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች ከላይ ይወርዳሉ፤ አንዷ «አይዞዎት አባቴ፣ ቀስ ይበሉ» አለችኝ። ቀስ አላልኩም። አሁን ይቆማል፣ አሁን ይቆማል፣ ይሄን ማዞሪያ ሳላልፍ ይቆማል እያልኩ ጆሮዬን ወደ ደረቴ አድርጌ ወጣሁ። አልቆመም። ይባስ ብሎ ዳገቱ በበረታ ቁጥር እሱም ፈጠን ይላል፣ የማላውቀው ሰው አብሮኝ የሚገፋ እስኪመስለኝ። ባሕር ዛፉ ጋ ስደርስ ላብ አጥምቆኛል፣ ፈርቻለሁም፣ ትንፋሼ ግን አልተቆረጠም።

ወልደ ሐዋርያት ግቢው ውስጥ ያቺኑ አሮጌ ሚኒባሱን በባልዲ ውሃ ያጥባል። ሲያየኝ ጨርቁን አልጣለም። «ምንያህል ነህ? ምን እግር ጣለህ?» አለኝ። ተቀመጥ አላለኝም፤ እኔም ቆሜ ጀመርኩ። «ያ ባትሪ... የሸጥኩልህ። ስንት ጊዜ ሠራ?» ጨርቁን ጨመቀው። የቱ ባትሪ አላለኝም።

«ሦስት ወር» አለ። «የካቲት አሥራ አምስት፣ ለኪዳነ ምሕረት ዋዜማ፣ አሥራ አራት ሰው ጭኜ እዚህ በላይ ማዞሪያው ላይ መኪናው ቀጥ አለ። ሰዎቹ ወርደው በእግራቸው ሄዱ፤ አንዲት አሮጊት ብቻ መሄድ አቅቷቸው ከእኔ ጋር ቀሩ። ጋቢዬን ለሳቸው አልብሼ እኔ በሸሚዝ አደርኩ። እንጦጦ ላይ፣ በዚያ ውርጭ። ጠዋት ባትሪውን ሳወጣው ቀለሙ መዳፌ ላይ ቀረ።»

«ታዲያ ለምን አልመጣህም? ለምን አልሰደብከኝም?»

«መጥቼ ነበር እንጂ። ሱቅህ በር ደርሻለሁ። ያቺ ልጅህ፣ ያኔ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ቁጢጥ ብላ ባትሪ ትቀባለች። እጇ እስከ ክንዷ ጥቁር ነው። ቀና ብላ ሳልጠይቃት፣ ‹አዲስ ነው› አለችኝ።» ወልደ ሐዋርያት ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለው። «እሷን አይቼ ተመለስኩ። ምን ልልህ ነበር?»

መቅደላዊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታግዘኝ ነበር፤ እጇ ቀጭን ስለሆነ ጠርዙን እንደሷ የሚያሳምረው አልነበረም። ደስ ብሎኝ ለሰው ሁሉ እኮራባት ነበር። እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሜ ነገሩን በሙሉ አፈረጥኩለት፤ ደረቴ ውስጥ ያለውን፣ ጠዋት ቧንቧው ሥር የሰማሁትን፣ ቀጠሮዬን፣ አልሄድም ማለቴን። ሲሰማኝ ቆየና ሳቁ መጣ፤ አፉን በክንዱ ሸፈነ። «አይ ኪዳነ ምሕረት!» አለ፣ «አይ እመቤቴ!» ከዚያ ኮስተር አለና «ይቅር በለኝ ልትል ነው የመጣኸው?» አለኝ። ነው አልኩት። «ያቺን ሌሊት እስካሁን ትከሻዬ ያስታውሰኛል፤ ዛሬ እዚህ ላይ ይቅር ብዬሃለሁ ብል ውሸት ነው፣ ውሸት ደግሞ ይበቃናል። ቀጠሮህ ስንት ሰዓት ነው?» ስልኬን ሳወጣ ሰባት ሰዓት ከአርባ ይላል፤ መቅደላዊት ዘጠኝ ጊዜ ደውላለች። «ግባ» አለኝ የመኪናውን በር ከፍቶ። «ከኋላ ግባ፣ ሞተሩ ጋ እንዳትጠጋ።»

ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው የመፈተሻውን ዘንግ ሲያነሳ ካርዴን አሳየሁት፤ «ይለፉ ፋዘር» አለኝ። ሊፍቱን ጠብቄ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። መቅደላዊት ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ስታየኝ ፊቷ ላይ ደም አልነበረም። «የት ነበርክ? ሞትክ ብዬ እኮ!...» ብላ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ። ሲስተር ሳምራ አስገባችን፣ አስተኛችኝ፣ ከኮምፒውተሩ በሽቦ የተያያዘውን ክብ ነገር ደረቴ ላይ አስቀመጠች። እኔ ጣሪያውን እያየሁ «ያገለገለ ነው አይደል?» አልኩ።

ሲስተር ሳምራ ልጄን አየቻት። መቅደላዊት ግድግዳውን ተደግፋ ራሷን ነቀነቀች። «አዎ አባቴ» አለችኝ ሲስተሯ። «ያገለገለ ነው። አዲሱን ብንጠብቅ ኖሮ እርስዎን አናገኝዎትም ነበር።» የማን ነበር አልኳት። «ስሙ ለእኛ አይላክም። ውጭ አገር የሞተ ሰው ነው፤ ቤተሰቡ ይውጣና ሌላ ሰው ይኑርበት ብለው ፈቅደዋል። ታጥቦ፣ ተፈትሾ ነው የመጣው። ሽቦዎቹ ግን አዲስ ናቸው።» ታጥቦ ስትል የእኔ ሙቅ ውሃና ሶዳ ታወሰኝ። «ስንት ቀረው?» ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። «ሲገባልዎ ወደ ስምንት ዓመት ነበረው። አሁን ስድስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያሳያል።» «ቁጥሩ ቀለም አይደለም?» አልኩ። ሲስተር ሳምራ አልገባትም፤ ከልጄ በኩል ግን ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ ሰማሁ። ሲስተሯ ወረቀቱን እያየች «ዛሬ ደግሞ በደንብ ተንቀሳቅሰዋል፤ ምነው ሁልጊዜ እንዲህ ቢያደርጉ?» አለችኝ። ባትሪው አያልቅም እንዴ አልኳት። «በእግር መሄድ የሚወስድበት እኮ ከቁጥር አይገባም! ዓመት ሙሉ ቁጭ ያሉት ለዚህ ነው እንዳይሉኝ ብቻ።»

ምድር ቤት ወርደን ሰው የሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ወልደ ሐዋርያት ውጭ መኪናው ውስጥ እየጠበቀን ነው። አጠገባችን ያሉት ሰዎች ስለ ዘይት ዋጋ ያወራሉ። ነገሩን ጠዋት ቧንቧው ሥር እንደሰማሁ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ለምን አልነገርሽኝም? ዶክተሩ ደብቆሽ ነበር?» አልኳት።

«አልደበቀኝም። ሁሉንም ነው ያስረዳኝ። ወረቀቱ ላይም ያገለገለ ነው ይላል፤ አንብቤ ነው የፈረምኩት።» ወደ እኔ ዞር አለች። «አንተ ብትነቃና ብነግርህ ምን እንደምትል አውቃለሁ። ቀለም ቀብተው ነው የሰጡሽ ትለኛለህ። አውጡልኝ ትላለህ። ልቤ ሊወጣ ነበር አባዬ፤ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ትሞትብኛለህ ብዬ አልተኛሁም። ያገለገለ ነገር እውነቱ ተነግሮለት ሲሰጥ ከቤታችን አይቼ አላውቅም። በዚያ ላይ አንተ አዲስ ነው ወይ ብለህ ጠየቅከኝ።» እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «አዲስ ነው ማለት ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አንተው ነህ ያስተማርከኝ።»

ጣቶቿን አየኋቸው፤ የጠመኔ ብናኝ አለባቸው እንጂ ንጹህ ናቸው። ይዣቸው መሳም አማረኝ፣ አፈርኩ። ስልኬን አውጥቼ ገላው ጋ ደወልኩ። «ጠዋት ባትሪ ለወሰደው ለቢራቱ ደውልለት። ያገለገለ ነው በለው። ጋሽ ምንያህል ዋሽቶሃል በለው» አልኩት። «ኧረ ጋሼ ምን ነካዎት! ገንዘቤን መልሱልኝ ይላል እኮ!» ብሎ ጮኸ። «ይመልሰዋ!» ብዬ ዘጋሁበት። መቅደላዊት አፏን ከፍታ ታየኛለች።

«ያ የማሽኑ ወረቀት የታለ?» አልኳት።

«ላይ ነው፣ ሲስተር ሳምራ ጋ ፋይልህ ውስጥ። ምን ሊያደርግልህ?»

«ለእድሩ ሰው ሁሉ አዲስ ነው፣ ከነካርቶኑ ነው ብያለሁ። እሁድ ስብሰባ አለ፤ ወረቀቱን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ተቀመጥ እኔ ላምጣልህ፤ የሊፍቱን ሰልፍ አየኸው?» ብላ ብድግ አለች። ትከሻዋን ይዤ መልሼ አስቀመጥኳት። ሊፍቱን በጎን አልፌ ወደ ደረጃው ሄድኩ። ከኋላዬ «አባዬ! ሦስተኛ ፎቅ እኮ ነው!» ስትል ይሰማኛል። ብረቱን ያዝኩና መውጣት ጀመርኩ። ስንት ደረጃ እንደነበር ግን አልቆጠርኩም።